ኮፐንሃገን ውስጥ በብስክሌት ወደ ግራ ለመታጠፍ

ብቻችሁን ብስክሌት ተከራይታችሁ ኮፐንሃገንን ስትዞሩ፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ወደ ግራ ለመታጠፍ መኪኖቹ መሃል አትግቡ፤ በዴንማርክ ሕግ ክልክል ነው። አረንጓዴ ሲበራ የቀኙን ጠርዝ ይዛችሁ ቀጥ ብላችሁ ተሻገሩና ማዶ ጥጉ ላይ ቁሙ። ብስክሌቱን ወደ ግራ አዙራችሁ፣ አሁን ፊት ለፊታችሁ ያለው መብራት አረንጓዴ ሲሆን ቀጥሉ። ሁለቱንም ጊዜ ከመኪኖቹ ጋር በአንድ አቅጣጫ ስለምትሄዱ፣ ከፊት የሚመጣ መኪና መንገድ አታቋርጡም።

እንግዳ ሰው የሚሳሳተው አቋቋሙ ላይ ነው። ከመቆማችሁ በፊት መዳፋችሁን ወደ ፊት አድርጋችሁ እጃችሁን ከፍ አድርጉ፤ አለዚያ ከኋላ የሚከተላችሁ ይገጫችኋል። በተለይ ጠዋት፣ ሁሉም ወደ ሥራ ሲጣደፍ!

ማዶ ጥግ በሌለው ባለ ሦስት አቅጣጫ መገናኛ ግን ይህ አይመችም። እዚያ ወርዳችሁ ብስክሌቱን እየገፋችሁ በእግረኛ ማቋረጫ ተሻገሩ።