«ገባችሁ?» ማለት ይቅርብን

አዲስ መምህራን ሲያስተምሩ ቁጭ ብዬ ስከታተል አንድ ቃል ጆሮዬን ይቆረቁረኛል። «ገባችሁ?» ይላል መምህሩ። «አዎ ቲቸር!» ይላል ክፍሉ በአንድ ድምፅ። መምህሩ ሰሌዳውን አጥፍቶ ወደሚቀጥለው ርዕስ ያልፋል።

ይኼ ምዘና አይደለም፤ ሰላምታ ነው። የትኛው ልጅ ነው 60 ጓደኞቹ ፊት «እኔ አልገባኝም» የሚለው? እኛ አገር ደግሞ መምህርን «አልገባኝም» ማለት ራሱ ድፍረት ይመስላል።

እኔም ቀምሼዋለሁ። 5ኛ ክፍል ክፍልፋይ ሳስተምር ሦስት ጊዜ «ገባችሁ?» ብዬ ሦስት ጊዜ «አዎ» ተባልኩ። ቅዳሜ ቤቴ ቁጭ ብዬ ደብተር ሳርም 1/2 + 1/3 = 2/5 የሚል አገኘሁ። አንድ ሁለት ልጅ ቢሆን ባልደነቀኝ። የክፍሉ ግማሽ! ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምረው ቁጭ። ግማሽ ዳቦ ላይ ሲሶ ተጨምሮ ከግማሽ ያነሰ ዳቦ ሆነ ማለት ነው። አንድም ልጅ አልጠረጠረም፤ እኔም አልጠየቅኩማ።

አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ከሦስት ምርጫ ጋር እጽፋለሁ፦ ሀ. 2/5፣ ለ. 2/6፣ ሐ. 5/6። «ሀ» ያለ ዝም ብሎ ደማሪ ነው። «ለ» ያለ የጋራ ታህት አግኝቷል፣ ላዕሉን መቀየር ግን ረስቷል። ስለዚህ ለሁለቱ የምነግራቸው ነገር አንድ አይደለም። እስከ ሦስት ቆጥሬ ሁሉም እኩል ምርጫቸውን በጣታቸው ቁጥር (ሀ አንድ፣ ለ ሁለት፣ ሐ ሦስት) ደረታቸው ላይ ያሳያሉ፤ መኮረጂያ ጊዜ የለም። ከ40 ደቂቃው ሁለቱን አይወስድም።

ሌላው በሽታ ማርክ ነው። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ «ተከታታይ ምዘና» የሚለውን፣ ማለትም ልጁ እንደገባው በየጊዜው እያዩ ማስተማርን፣ ያልሰማ መምህር የለም። ብዙ ቦታ የያዝነው ግን ተከታታይ ፈተና ነው። 5፣ 10፣ 10፣ 5 እያልን ማርክ ሊስት እንሞላለን። ልጁም ሥራ ሲሰጠው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቲቸር፣ ከስንት ነው?» ነው። ሩት በትለር የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣችው ጥናት፣ እስራኤል ውስጥ ለተወሰኑ ተማሪዎች ማርክ ብቻ፣ ለሌሎቹ አስተያየት ብቻ፣ ለቀሩት ሁለቱንም ሰጥታ ነበር። የተሻሻሉት አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው። እኔም ክፍሌ ውስጥ የማየው ይኼንኑ ነው፤ ማርክ ያለበት ደብተር ወዲያው ይዘጋል። የምጽፈውን አስተያየት ማን ያነበዋል?

ውጤት ጮክ ብሎ ማንበብም አለ። ይኼን ለዓመታት አድርጌዋለሁ፣ ያውም ከላይ ወደ ታች በደረጃ። አንዲት ልጅ ማንበብ ስጀምር ሁልጊዜ «ቲቸር፣ ሽንት ቤት» ብላ ትወጣ ነበር። ምክንያቱ የገባኝ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው።

ጠይቆ አለመጠበቅ። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ፣ መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል መሆኑን አሳይታለች። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የልጆቹ መልስ ይረዝማል፤ ዝም የሚሉትም መናገር ይጀምራሉ። ዝምታው ያስጨንቃል፣ አውቃለሁ። በልባችሁ ቁጠሩ።

የፊት ወንበር ልጆችን ብቻ መጠየቅ፣ ስለሱ ምንም አልልም።

የቡድን ሥራ ተሰጥቶ ለአምስቱም አንድ ማርክ ከሆነ፣ አንዱ ሠርቶ አራቱ ስም ያስጽፋሉ። ከዚያ ማን ምን እንደገባው በምን ይታወቃል?

ከሁሉም የሚያበግነኝ ግን ልጆቹ እንዳልገባቸው በዓይን አይቶ በማግስቱ ዕቅዱ ላይ ያለውን መቀጠል ነው። «ፖርሽን (ለዓመቱ የተመደበውን ትምህርት) መጨረስ አለብኝ» ይባላል። እውነት ነው፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚያየው ዕቅዱን ነው። ታዲያ እኔ ሳምንታዊ ዕቅዴ ላይ የዓርብን ክፍለ ጊዜ ባዶ መተው ጀመርኩ። ርዕሰ መምህሩ መጀመሪያ ያየ ቀን «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ሐሙስ ማታ ነው የማውቀው» አልኩት።

ሳቀና ፈረመልኝ።