ልጁ ታሟል፤ ትምህርት ቤት ይሂድ ወይስ ይቅር? በወረርሽኝ ጊዜ ጠዋት ላይ የሚወሰን ውሳኔ

እንደ ኮቪድ-19 ባለ በትንፋሽ የሚተላለፍ ወረርሽኝ ጊዜ ወላጆች ከሚሠሩት ስህተት የከፋው፣ ጠዋት ሲያተኩስ ለተነሣ ልጅ ማስታገሻ ሽሮፕ ሰጥቶ፣ ቀዝቀዝ ሲልለት ቦርሳውን አሸክሞ መላክ ነው። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ያወርዳል እንጂ ቫይረሱን አይነካውም። ጉልበቱም ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት የተሰጠ ሽሮፕ ከ5 እስከ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ያልቅና ትኩሳቱ ክፍል ውስጥ ይመለሳል። እስከዚያ ድረስ ልጁ አጠገቡ ለተቀመጠው ሲያስልበት፣ እርሳስና ላፒስ ሲዋዋስ አርፍዷል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ፦ መጀመሪያ ይለኩ፣ ቀጥሎ ይወስኑ፣ መድኃኒቱ ከዚያ በኋላ ነው።

አለካኩ

ግንባርን በእጅ መዳበስ ያታልላል። ውኃ ሲነካካ ለቆየ እጅ ጤነኛው ልጅም ትኩስ ነው። ፋርማሲ የሚሸጠው ተራ ዲጂታል ቴርሞሜትር ይበቃል። ልጁ ከጋቢና ከብርድ ልብስ ከወጣ፣ ሲሮጥ ቆይቶም ከሆነ ካረፈ በኋላ 15 ወይም 20 ደቂቃ ይጠብቁ። የብብቱን ላብ በጨርቅ ያድርቁ። የመለኪያው ጫፍ ብብቱ መሃል ላይ ቆዳውን ይንካ፤ የካናቴራው እጅጌ በመካከል ከገባ ንባቡ ዝቅ ይላል። ክንዱን ከደረቱ ጋር አጥብቀው ይያዙለትና ድምፅ እስኪሰጥ ይጠብቁ። በብብት 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ነው። ትምህርት ቤት በር ላይ ግንባር ላይ የሚነጣጠረው መሣሪያ በጠዋት ብርድ በእግሩ ለመጣ ልጅ ዝቅ አድርጎ ሊያነብ ስለሚችል፣ «በር ላይ ይለካ የለ?» ብሎ መላክ ተገቢ አይደለም።

ከትምህርት ቤት በፊት የሚቀድመው ጥያቄ

ልጁ ይቅር ወይስ ይሂድ ከማለት በፊት ጤና ተቋም መወሰድ አለበት ወይ የሚለው ይታያል። መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ራሱን ስቶ ከተንፈራገጠ፣ ከወትሮው በተለየ ከፈዘዘ ወይም ለመንቃት ካስቸገረ፣ ከንፈሩ ወደ ሰማያዊነት ካደላ፣ ቀኑን ሳያዩ አሁኑኑ ይውሰዱት። ዕድሜው ከ2 ወር በታች የሆነ ሕፃን ትኩሳት ብቻውን ለመውሰድ በቂ ምክንያት ነው። ተሽከርካሪ ከሌለ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ትንፋሽ መቁጠር ማንኛውም ወላጅ ሊማረው የሚገባ ነገር ነው። ልጁ ካለቀሰ ወይም ከጠባ ቁጥሩ ይዛባል፤ ተረጋግቶ ወይም ተኝቶ ሳለ ልብሱን ከሆዱ ላይ ገለጥ ያድርጉ። የስልክዎን ሰዓት 1 ደቂቃ ላይ ይሙሉና ሆዱ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ፣ ሁለት እያሉ ይቁጠሩ። 30 ሰከንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አይሠራም፤ የትንሽ ልጅ ትንፋሽ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል። ከ2 ወር በታች ለሆነ 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 11 ወር 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ከ5 ዓመት በላይ በሆነ ልጅ ከ30 ካለፈ ይጠራጠሩ። አየር ሲያስገባ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ ደግሞ ቁጥሩ ምንም ቢሆን ጤና ተቋም ይሄዳል።

ይቅር ወይስ ይሂድ

ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ለማስቀረት ይበቃል፦ ትኩሳት፣ አዲስ ሳል ወይም የነበረበት ሳል መባባስ፣ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ ሽታ ወይም ጣዕም መጥፋት። ትንሽ ልጅ «አልሸተተኝም» ብሎ አይነግርዎትም፤ ምግብ ሲገፋ ብቻ ነው የሚታየው። ብርቱካን አጠገቡ ይላጡ፣ ወይም ቡና ሲቆላ ዓይኑን ጨፍኖ ምን እንደሸተተው ይጠይቁት።

የጉሮሮ ሕመም፣ ራስ ምታት፣ ንፍጥና ድካም እያንዳንዳቸው ሲታዩ ቀላል ናቸው፤ ከአራቱ ሁለቱ አብረው ከመጡ ግን ይቅር። ንፍጥ ብቻ ከሆነ፣ ልጁ ከበላና ከተጫወተ፣ ቤት ውስጥም ሌላ የታመመ ከሌለ መሄድ ይችላል። በቤት ውስጥ ወይም በሰርቪስ አብሮት በሚመላለስ ልጅ ላይ በሽታው ከተረጋገጠ ግን ንፍጡ ብቻውን ያስቀረዋል።

«አዲስ» የሚለውን ቃል ልብ ይሏል። አስም ወይም አለርጂ ያለበት ልጅ ዓመቱን ሙሉ ያስላል፣ ያስነጥሳል። ለእሱ መመዘኛው የራሱ ልማድ ነው፤ የዛሬው ሳል እንደ ሁልጊዜው ነው ወይስ ተለየ? በደህናው ቀን የሐኪም ማስረጃ አውጥተው ለትምህርት ቤቱ ቢሰጡ በየጠዋቱ ከመከራከር ያድናል።

ሌላው ጥንቃቄ የሚገባው «ወረርሽኙ ነው» ብሎ መደምደም ነው። ወረርሽኝ ሲመጣ ሌሎቹ በሽታዎች አልሄዱም። ወባ ባለበት ቆላ የሚኖር፣ ወይም በቅርቡ ከዚያ የመጣ ልጅ ካተኮሰ በ24 ሰዓት ውስጥ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል፤ በቤት ማቆየቱ ሊገድለው ይችላል። ትኩሳት ከሽፍታና ከቀላ ዓይን ጋር ከመጣ ኩፍኝ ሊሆን ስለሚችል ለጤና ጣቢያው አስቀድመው ደውለው ይንገሩ፤ ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ለሌሎች እንዳያስተላልፍ። ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ የሚጨመቅለትም ልጅ ቢሆን ቴርሞሜትሩ አይቅርበት።

ቤት ከቀረ በኋላ

ፓራሲታሞል የሚለካው በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ነው፦ ለ1 ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ ከ120 እስከ 180 ሚሊግራም ይወስዳል ማለት ነው። ጠርሙሱ ላይ «120 ሚ.ግ. በ5 ሚ.ሊ.» የሚል ከሆነ ይህ ከ5 እስከ 7.5 ሚሊ ሊትር ይሆናል። 5 ሚሊ ሊትሩ 250 ሚሊግራም የሚይዝም ሽሮፕ ስላለ፣ ጠርሙስ በተቀየረ ቁጥር ጽሑፉን እንደገና ያንብቡ። አብሮት በሚመጣው መለኪያ ይስጡ፤ የሾርባ ማንኪያ የሻይ ማንኪያን 3 እጥፍ ስለሚይዝ «አንድ ማንኪያ» የሚለው ቃል ብዙ ልጅ ጎድቷል። የጉንፋን ሽሮፖችም ውስጥ ፓራሲታሞል ሊኖር ስለሚችል ሁለቱን አብሮ መስጠት መጠኑን ያበዛል። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም፤ ከቫይረስ ሕመም ጋር ሲገናኝ አንጎልና ጉበት ሊጎዳ ይችላል።

ተቅማጥ ካለ አንድ ከረጢት ኦ.አር.ኤስ. (በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽና ጨው የሚተካ ዱቄት) በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፤ 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ላለ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር በትንሽ በትንሹ ይጠጣ። ማር ለሳል ይረዳል፤ ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ፈጽሞ አይሰጥም። ባሕር ዛፍ አፍልቶ ልጅን በነጠላ ሸፍኖ ማጠንም ይቅር። የፈላ ድስት አጠገብ የተቀመጠ ልጅ ሲቁነጠነጥ ውኃው ይደፋበታል፤ ቃጠሎው ከሳሉ የባሰ ይሆናል።

ብዙ ቤት አንድ ክፍል ነው፤ «ለብቻው ክፍል ይተኛ» የሚል ምክር አይጠቅመውም። የሚቻለው ይህ ነው፦ መስኮትና በር ተቃራኒ ከሆኑ ሁለቱንም ከፍቶ አየሩ እንዲያልፍ ማድረግ፣ በአንድ አልጋ ከተኙ ራስና እግር ተለዋውጦ መተኛት፣ የምታስታምመው ሰው አንድ ብትሆንና ማስክ ብታደርግ። የምታጠባ እናት ማጥባቷን አታቋርጥ። ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማስክ አይደረግም፤ ትንፋሹን ያፍነዋል። ምግቡ ለብቻው ሳህን ይቅረብ፤ ጉርሻም እስኪድን ይቆይ። ለእኛ የሚከብደው ግን ጠያቂውን መመለስ ነው። ጎረቤቱ «እግዜር ይማርህ» ሊል ብርቱካን ይዞ ይመጣል፤ ፍቅሩ እውነተኛ ቢሆንም አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ 6 ሰው ይቀመጣል። በር ላይ ተቀብለው፣ «ሲሻለው እናንተ ጋ ራሱ ይመጣል» ቢሏቸው አይቀየሙም።

ማን ይጠብቀው?

ውሳኔው የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። በቀን ሥራ ለሚኖር ቤተሰብ አንድ ቀን መቅረት የዕለት እራት ነው። ልጁን አያቱ ጋ ማድረስ ቀላሉ መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን ኮቪድ-19 የበረታው በዕድሜ የገፉት፣ ደም ግፊትና ስኳር ያለባቸው ላይ ነበር። ከአያት ይልቅ ጤነኛ የሆነች ወጣት አክስት ወይም ጎረቤት ትመረጥ። ይህን ልጁ ሳይታመም ይነጋገሩበት፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሰው መፈለግ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚገፋ ነው። ተቀጣሪ ከሆኑ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥም እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ ይፈቅዳል፤ በአንድ በጀት ዓመት ከ2 ጊዜ አይበልጥም። ትምህርት ቤት የሚመገብ ልጅ ከቀረ ቁርሱና ምሳውም እንደሚቀርበት አይዘንጋ።

ለክፍል ኃላፊ መምህሩ መልእክቱ አጭርና የተሟላ ይሁን፦ «ልጃችን ከትናንት ማታ ጀምሮ 38.2 ትኩሳትና አዲስ ሳል አለው። እስከ ትናንት በሰርቪስ ሲመላለስ ነበር። ትኩሳቱ ያለ መድኃኒት 24 ሰዓት እስኪጠፋ አይመጣም። የተማሩትን በቴሌግራም ይላኩልን።» የመጀመሪያው ቀንና ሰርቪሱ የተጠቀሱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በኮቪድ የታመመ ሰው ምልክት ከማሳየቱ 2 ቀን አስቀድሞ ሊያስተላልፍ ይችላል። የፈተና ቀን ከሆነ ደግሞ ሌላ ቀን ይፈተን ዘንድ ከዚያው ጠዋት በጽሑፍ ይጠይቁ። እያተኮሰ የተፈተነ ልጅ ውጤቱም አያምርም። ትምህርት ቤቶችም ለቀረ ልጅ ነጥብ የሚቀንሱ ከሆነ ወላጅ ሽሮፕ ሰጥቶ እንዲልክ ራሳቸው እየገፉት ነው።

መቼ ይመለስ?

ትኩሳቱ ያለ ማስታገሻ 24 ሰዓት ሙሉ ጠፍቶ፣ ሌላውም ምልክት እየቀነሰ፣ እየበላና እየተጫወተ ሲሆን። ትውከትና ተቅማጥ ከነበረው ካቆመ በኋላ 48 ሰዓት ይቆይ። በሽታው ኩፍኝ ከሆነ ሽፍታው ከወጣበት ቀን በኋላ 4 ቀን። ለወረርሽኙ የተለየ የቀን ገደብ ከወጣ የሚሠራው እሱ ነው። ገደቡ ግን ይለዋወጣል፤ ለኮቪድ የዓለም ጤና ድርጅት በጥር 2015 ምልክት ላለው 10 ቀን፣ ምልክት ለሌለው 5 ቀን ብሎ ነበር፤ ሌሎች አገሮች ከዚያ ያነሰ ወስደዋል። ስለዚህ ካለፈው ዓመት የሰሙትን ሳይሆን በዕለቱ ያለውን የጤና ሚኒስቴር መመሪያ ይከተሉ። ሳል ብቻውን 2 ወይም 3 ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል ሌላው ሁሉ ከተሻለው አያስቀረውም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ቢያርፍ መልካም ነው።

ሕመሙ የጀመረበትን ቀን ደብተሩ ሽፋን ላይ ይጻፉት። ከኮቪድ በኋላ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ጥቂት ልጆች ላይ ከባድ ብግነት ይነሣል፦ የማይለቅ ትኩሳት፣ ሽፍታ፣ የቀላ ዓይን፣ የሆድ ቁርጠት። ያን ጊዜ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት፤ ሐኪሙ ገና ሳይጠይቅዎ የጻፉትን ቀን ይንገሩት።