የግጦሽ ዶሮ በብዛት ሲገዙ፦ ከቀብድ እስከ ፍሪዘር

የግጦሽ ዶሮ ማለት ሣር ላይ ተለቆ ያደገ የሥጋ ዶሮ ነው። ከማዘዝዎ በፊት ፍሪዘርዎን ይለኩ። ታርዶና ተጸድቶ 2 ኪሎ የሚመዝን፣ ያልተበለተ ዶሮ ከነማሸጊያው 5 ሊትር ገደማ ቦታ ይይዛል። 20 ዶሮ 100 ሊትር ባዶ ቦታ ይፈልጋል ማለት ነው። ቦታው ቢኖርም ሌላ ጣጣ አለ። የቤት ፍሪዘር በአንድ ቀን በረዶ ማድረግ የሚችለው በየ100 ሊትሩ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። 200 ሊትር ፍሪዘር ውስጥ 40 ኪሎ ሥጋ በአንዴ ከተጠቀጠቀ፣ መሃል ያሉት ዶሮዎች ሳይጠነክሩ ይሰነብታሉ፤ ቀድሞ የተቀመጠውም ይለሰልሳል። ስለዚህ እርባታው ራሱ በረዶ አድርጎ እንዲያስረክብዎ ይጠይቁ፤ ካልሆነ ከዘመድ ወይም ከጎረቤት ጋር ተካፍለው ይግዙ።

የግጦሽ ዶሮ ባማረዎት ቀን የሚገኝ ነገር አይደለም። ፈጣን የሥጋ ዝርያዎች ከተፈለፈሉ በ8 ሳምንት አካባቢ፣ ቀስ ብለው የሚያድጉት ደግሞ ከ11 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ለእርድ ይደርሳሉ። አነስተኛ እርባታ ጫጩት የሚያስመጣው ትእዛዝ ቆጥሮ ነውና ከ3 ወር በፊት መነጋገር ይሻላል።

«የግጦሽ» የሚለው ቃል ምን እንደያዘም ይወቁ። ጫጩቶቹ የመጀመሪያዎቹን 3 ሳምንታት ያህል በሞቀ ቤት ስለሚያሳልፉ፣ በ8 ሳምንቱ የታረደ ዶሮ ሣር ላይ የኖረው 5 ሳምንት ነው። ያኔም ቢሆን ዋናው ቀለቡ ከእህል የተዘጋጀ መኖ ነው፤ ሣርና ነፍሳቱ ተጨማሪ ናቸው። «ሣር ብቻ ነው የሚበሉት» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ይጠርጥሩ። የስቡ ቢጫነትም ማስረጃ አይሆንም፤ ቢጫ በቆሎም ያንኑ ቀለም ያመጣል። እርባታውን መጎብኘት ከቻሉ መሬቱን ይመልከቱ። ዶሮዎቹ ሣር ላይ የሚኖሩበት ተንቀሳቃሽ ቤት በየቀኑ የሚዛወር ከሆነ ዛሬ የቆመበት ሣር አረንጓዴ ነው፣ የትናንቱ የተረገጠና ኩስ ያረፈበት፣ ከሁለት ሳምንት በፊት የቆመበት ደግሞ ማቆጥቆጥ የጀመረ። ከቤቱ ሥር ያለው ባዶ አፈር ከሆነ ግን የሚከፍሉት ለስሙ ነው።

ዋጋ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወደው በክብደት ነው። አንዱ በዶሮ ቁጥር፣ አንዱ በቁም ኪሎ፣ ሌላው ታርዶ በተጸዳ ኪሎ ይሸጣል። ሁሉንም ወደ ተጸዳ ኪሎ ቀይረው ያወዳድሩ። የተጸዳው ሥጋ ከቁም ክብደቱ ከ70 እስከ 75 በመቶ ነውና፣ የቁም ኪሎውን ዋጋ ለ0.72 ያካፍሉት። በቁም 100 የተባለው 139 ይሆናል፤ የማረጃና የላባ መንጫ ክፍያ ካለ በዚያ ላይ ይደመራል። አንገት፣ ጉበትና ልብ ከሚዛኑ ውስጥ መግባታቸውንም ይጠይቁ። በውሃና በረዶ ውስጥ የቀዘቀዘ ዶሮ ውሃ ስለሚመጥ፣ ሳይንጠፈጠፍ ከተመዘነ ውሃም ገዙ ማለት ነው።

ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት በጽሑፍ ይስማሙ፦ ስንት ዶሮ፣ ዝቅተኛው ክብደት ስንት፣ የሚታረዱበት ቀን፣ ሙሉውን ወይስ በብልት ተለይቶ። አውሬ ወይም ሙቀት ከመንጋው ሲቀንስ ቀብዱ ይመለሳል ወይስ ወደሚቀጥለው ዙር ይዛወራል? መድኃኒት ተሰጥቷቸው ከሆነም ከእርድ በፊት መጠበቅ ያለበት ጊዜ መጠበቁን ይጠይቁ።

በመረከቢያው ቀን በረዶ የተሞላ ሳጥን ይዘው ይሂዱ። በረዶ ያልሆነ ዶሮ ከሆነ ጣትዎን ወደ ሆድ ዕቃው ክፍተት ያስገቡ፤ ልክ ከፍሪጅ እንደወጣ ነገር መቀዝቀዝ አለበት። ለብ ካለ አይቀበሉት፤ ቆዳው ቢቀዘቅዝም ውስጡ ገና ነው። አረንጓዴ ነጠብጣብ የፈሰሰ ሐሞት ነው፣ ሰፋ አድርጎ ቆርጦ መጣል ነው። ጥቂት የላባ ሥር ቢቀር አያስከፋም፤ የተሰበረ ክንፍ ከነጠቆረ ደሙ ግን ሲያዝና ሲጫን የተጎዳ መሆኑን ያሳያል።

ዶሮው የታረደው ዛሬ ከሆነ አይቸኩሉ። ከእርድ በኋላ ሥጋው ይገተራል፣ ከዚያም ቀስ ብሎ ይለቃል። ሳይለቅ ወደ ፍሪዘር ወይም ወደ ድስት ከገባ እንደ ጎማ ይሆናል፤ «የግጦሽ ዶሮ ይጠነክራል» የሚለው ስሞታ ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ ፍሪጅ ውስጥ 24 ሰዓት ያሳርፉት። ከዚያ አየሩን አስወጥተው ያሽጉ፣ ቀን ይጻፉበት፣ ሳይደራርቡ ከፍሪዘሩ ግድግዳ አስጠግተው ያስቀምጡ፤ ከጠነከረ በኋላ መደርደር ይቻላል። በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሙሉ ዶሮ እስከ 1 ዓመት፣ የተበለተው እስከ 9 ወር ጣዕሙን ይጠብቃል። ጉበቱን ግን በ3 ወይም 4 ወር ውስጥ ይጨርሱት።

ለማቅለጥ ፍሪጅ ውስጥ ከአንድ ቀን እስከ አንድ ቀን ተኩል በቂ ነው። ከተበሰለ በኋላ አጥንቱ ዙሪያ ጠቆር ወይም ቀላ ቢል አይደንግጡ። የወጣት ዶሮ አጥንት ስስ ነው፤ በረዶ ሲሆን የቅልጥሙ ቀለም ወደ ሥጋው ይወጣል። መብሰሉን የሚነግርዎ ቴርሞሜትር ነው፦ የጭኑ ወፍራም ክፍል አጥንት ሳይነካ 74 ዲግሪ ካሳየ በስሏል።