ያገለገለ ሞዞ ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዓለም ገና ላይ ጋራዥ ያለው ሰው፣ መርካቶ ካለው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ሞዞ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ አያጣም። ቸርኬው የሚታሰርበትን ይህን ብረት በፌስታል ጠቅልሎ ያመጣዋል፤ ብዙ ጊዜም አይገጥምም። መኪናው ድንጋይ ላይ ቆሞ ይቀራል፣ ሻጩም ገንዘቡን አይመልስም።

ዋናው ስህተት የመኪናውን ስም ብቻ ተናግሮ መግዛት ነው። «የኮሮላ ስጠኝ» ይላሉ። የትኛው ኮሮላ? እ.ኤ.አ. በ2009 ገደማ የተመረቱትን ብቻ እንይ። ለጃፓን ገበያ የተሠራው አክሲዮ አራት ብሎን አለው፣ ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋት 100 ሚሊ ሜትር ነው። አሜሪካ የተሸጠው አምስት ብሎን በ100፣ አውሮፓ የተሸጠው ደግሞ አምስት ብሎን በ114.3 ነው። ሦስቱም ኮሮላ ይባላሉ፤ የአንዱ ቸርኬ ግን ለሌላው አይሆንም። የድሮው ዲኤክስም እንደ ቪትዝ አራት ብሎን ነው፤ ክቡ ግን 114.3 ሲሆን የቪትዙ 100 ነው። እባክዎ ብሎን ቆጥረው ብቻ አይግዙ፣ ይለኩ! ከአንዱ ብሎን ግራ ጠርዝ እስከ ቀጣዩ ብሎን ግራ ጠርዝ በካሊፐር መለኪያ ይያዙ። በአራት ብሎን 70.7 ካገኙ ክቡ 100 ነው፣ 80.8 ከሆነ 114.3። በአምስት ብሎን 58.8 ማለት 100፣ 67.2 ማለት 114.3 ነው። ፊት ለፊት የሚተያዩ ብሎኖች ስለሌሉ አምስቱን በግምት መለካት አይቻልም።

ፈጽሞ የማይገጥመው ገንዘብ ያስወጣል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ለመግጠም ጥቂት የቀረው ነው። የላዳ ክብ 98 ነው። የመሀል ቀዳዳው ሰፊ የሆነ የ100 ቸርኬ ሲታሰርበት እያንዳንዱ ብሎን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ከቦታው ይስታል፣ ቢሆንም ተገፍቶ ይገባል። የጠበቀ ይመስላል፤ የሚነካው ግን በአንድ ጎኑ ብቻ ነው። አንድ የላዳ ባለቤት መሪው ይንቀጠቀጣል ብለው ጎማውን ደጋግመው ባላንስ ሲያሠሩ ከርመው ወደ እኔ መጡ። ጎማውን ልፈታ ስል ሁለቱ ብሎኖች በጣት ዞሩ። እኚህ አባት በዚያ መኪና የልጅ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያመላልሱ ነበር።

የብሎን ጥርስ ሌላው ነው። ሱዙኪ ዲዛየርና ቪትዝ ክባቸው 100፣ የመሀል ቀዳዳቸው 54.1፣ የብሎናቸው ውፍረትም 12 ሚሊ ሜትር ነው። ሆኖም የጥርሱ እርምጃ፣ ማለትም ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት፣ በቶዮታው 1.5፣ በሱዙኪው 1.25 ሚሊ ሜትር ነው። ዳዶው በጣት እስከ መጨረሻው ካልዞረ በቁልፍ አያስገድዱት፣ ጥርሱን ይበላዋል።

የፊት ሞዞ ከሆነ ከአክስሉ ጋር የሚገጥሙትን የውስጥ ጥርሶች ይቁጠሩ።

ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ላለው መኪና ኤቢኤስ ከሌለው የወጣ ሞዞ አይግዙ። ዳሽቦርዱ ላይ መብራት በርቶ ይቀራል፣ ኤቢኤሱም አይሠራም። በአንዳንዶቹ የጎማውን ዙር ለማወቅ ሴንሰሩ የሚቆጥረው ምልክት የብረት ጥርስ ሳይሆን ኩሽኔታው ጠርዝ ላይ ያለ ማግኔታዊ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ሲያዩት ተራ ክዳን ይመስላል፤ ኩሽኔታው ተገልብጦ ከገባም ሴንሰሩ ምንም አያነብም።

በፕሬስ (በመጭመቂያ ማሽን) የሚገባ ኩሽኔታ ያለው ከሆነ ሞዞውን አሮጌ፣ ኩሽኔታውን አዲስ ይግዙ። ሞዞው ሲነቀል የኩሽኔታው ውስጠኛ ቀለበት አብሮት ይወጣል፣ ኩሽኔታውም ይበላሻል። ያንን ቀለበት በፍሌክስ ሲቆርጡ ኩሽኔታው የሚቀመጥበትን የሞዞውን አንገት የሚጭሩ አሉ። ስለዚህ አንገቱን በጨርቅ ይጥረጉና ጥፍርዎን ያሂዱበት፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተዉት።

ከሁሉም በፊት ግን አሮጌውን ሞዞ አስፈትተው ይዘው ይሂዱ። ይከብዳል፣ በታክሲ መርካቶ ድረስ መሸከሙም አይመችም። ያም ሆኖ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ለሻጩም ክርክር አይተውለትም።