ሸክላ ማጫወቻው ሲያስቸግር የቱ ዕቃ ይቀየር?

ጎጃም ውስጥ ሸክላ የሚያዳምጥ ሰው ብዙ አይደለም። ያለው ግን ከልቡ ነው። አንዱ ከአባቱ ሳጥን የወረሰ ነው፤ ሌላው ዘመድ ከውጭ ይዞለት የመጣ። የሁለቱም ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ «ድምፁ ደስ አይልም፤ ምን ልግዛ?» አብዛኛው ሰው ደግሞ መልሱን አስቀድሞ ወስኖ ነው የሚጠይቀው። ትልቅ ስፒከር ሊገዛ ነው።

እኔ ስፒከር ቶሎ እንዲገዛ አልመክርም። ዜማው የሚጀምረው መርፌው ጫፍ ላይ ነው። እዚያ የተበላሸውን ትልቅ ስፒከር አጉልቶ ያሰማችኋል እንጂ አያስተካክለውም። ስለዚህ መጀመሪያ ችግሩን ስሙት፣ ምክንያቱን ፈልጉ፣ ከዚያ ኪሳችሁ ግቡ። ግማሹ ችግር ያለ ምንም ወጪ የሚፈታ ነው።

ዘፈኑ ይጎተታል፣ ድምፁ ይወፍራል

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጋሼ የምላቸው ሰው ልጃቸው ከአሜሪካ ያመጣችላቸውን ማጫወቻ አሳዩኝ። ቆንጆ ዕቃ ነው። 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመርም አብሮ ተገዝቷል። ሸክላው መዞር ሲጀምር ግን ሴቷ ዘፋኝ እንደ ጎረምሳ ሆነች። «ቺንጊያው አርጅቷል፤ እሱን ቀይርልኝ» አሉ። «ጋሼ፣ ቺንጊያው እኮ አዲስ ነው። እስቲ መጀመሪያ እንቁጠር» አልኳቸው።

አቆጣጠሩ ቀላል ነው። የሚሽከረከረው ሳህን ጠርዝ ላይ ትንሽ ነጭ ወረቀት ለጥፉ። ፍጥነቱን 33 ላይ አድርጉት። ሸክላ አስቀምጡና መርፌውን አሳርፉበት፤ ሳህኑ ባዶውን ሲዞርና መርፌ ሲጎትት አንድ አይደለም። የስልካችሁን ሰዓት ይዛችሁ 3 ደቂቃ ቁጠሩ። ትክክለኛው ፍጥነት በደቂቃ 33 ከሲሶ ስለሆነ በ3 ደቂቃ 100 ዙር መምጣት አለበት። የጋሼ 83 መጣ።

83 ሲመጣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። አሜሪካ ውስጥ መብራቱ 60 ኸርዝ ነው፣ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ የእኛ 50። አንዳንድ ማጫወቻዎች ሞተራቸው ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ኸርዝ ነው። ለ60 የተሠራው 50 ላይ ሲሰካ ከስድስት እጅ አንዱን ያጣል። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይነካም። ስለዚህ ስታቢላይዘር ብትጨምሩበትም፣ ቺንጊያ ብትቀይሩም ለውጥ የለም። መፍትሄው ሞተሩ ላይ ያለችውን ቺንጊያው የሚዞርባትን ትንሿን ፑሊ ለ50 ኸርዝ በተሠራ መቀየር ነው። ለአንዳንድ ሞዴል ይገኛል። ካልተገኘ ለሞተሩ ራሱ 60 ኸርዝ የሚያመነጭ መሣሪያ አለ፤ ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ማጫወቻ መግዛትን የሚያስመኝ ነው። ከጀርባው በአዳፕተር የሚሠሩ፣ ባለ ዲሲ ሞተር ማጫወቻዎች ይህ ጣጣ የለባቸውም። አዳፕተሩ 220 የሚቀበል ከሆነ በቃ።

ቆጥራችሁ 97 ወይም 98 ከመጣ ነገሩ ሌላ ነው። ቺንጊያው ለቋል፣ ወይም ፑሊው ቅባት ይዟል። ፑሊውን በአልኮል በነከራችሁት ጨርቅ ጥረጉ፣ ቺንጊያውን በልኩ ቀይሩ። የብር መጠቅለያ ላስቲክ ቺንጊያ አይሆንም። ይህን የምለው አንድ ቤት አይቼ ስለሆነ ነው።

ሙከራውን በ45ም ድገሙት፤ በደቂቃ 45 መምጣት አለበት። እኛ አገር ይህ ከ33 በላይ ያስፈልጋል። አምሃ እሸቴ በፈረንጆቹ 1969 አምሃ ሪከርድስን ካቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ ካሴት ገበያውን እስኪረከብ ድረስ የወጡት የአማርኛ ሸክላዎች በአብዛኛው ትንንሾቹ፣ ባለ 45 ዙሮቹ ናቸው። 33 ላይ ደህና ሆኖ 45 ላይ የሚያነክስ ማጫወቻ ለእኛ ቤት ግማሽ ዕቃ ነው።

ድምፁ ይዋዥቃል

ከፍ ዝቅ የሚለው አንድ ሸክላ ላይ ብቻ ነው? ጎንበስ ብላችሁ መርፌውን የያዘውን ክንድ ከላይ ተመልከቱት። ሸክላው በዞረ ቁጥር ክንዱ ወደ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ የሸክላው ቀዳዳ መሃሉን ስቷል። ፋብሪካው ነው የሳተው፤ ማጫወቻችሁ ንጹህ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የሚዋኝ ከሆነ ደግሞ ሸክላው ጎብጧል።

ሁሉም ሸክላ ላይ የሚዋዥቅ ከሆነ ወደ ቺንጊያው ተመለሱ። መብራት ሲሄድ በጄኔሬተር ብቻ የሚዋዥቅ ከሆነስ? ትንሹ የቤንዚን ጄኔሬተር ጭነት ሲበዛበት ይደክማል፣ ኸርዙም አብሮት ይወርዳል። ከላይ እንዳልኩት ከመብራቱ ፍጥነት የሚወስድ ሞተር ካላችሁ ጎረቤት ምጣድ በሰካ ቁጥር ዘፋኙ ይደክማል። መብራቱ እስኪመጣ ቡና አፍሉ።

ቮልዩሙን ጥግ አድርሼም ድምፁ ቀጭን ነው

ለዚህ ነው ሰው አምፕ፣ ማለትም ድምፅ ማጉያውን፣ የሚቀይረው፣ ብዙ ጊዜም በከንቱ። ከመርፌው የሚወጣው ምልክት ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው። አምፑ ኦክስ በሚባለው ተራ መሰኪያው ላይ የሚጠብቀው ግን የዚያን መቶ እጥፍ ያህል ነው። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ቤዙ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ድምፅ ከፍ ይደረጋል። ሲጫወት ተገልብጦ መመለስ አለበት። ሁለቱንም ሥራ የሚሠራው ፎኖ ፕሪአምፕ የሚባለው ትንሽ ሳጥን ነው። እሱ ከሌለ ድምፁ ቀጭን፣ ቤዝ የሌለው፣ የሩቅ ሬዲዮ ዓይነት ይሆናል።

ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ። አምፑ ጀርባ ላይ ፎኖ የሚል መሰኪያ አለ? ማጫወቻው ጀርባ ላይስ ፎኖ እና ላይን የሚል ማብሪያ? አንዱ ካለ ፕሪአምፕ አያስፈልጋችሁም። ሁለቱም ካሉ አንዱን ብቻ ተጠቀሙ። ማጫወቻው ላይን ላይ ሆኖ አምፑ ፎኖ ላይ ከተሰካ ሁለት ጊዜ ይጎላና ድምፁ የሚፈነዳ ይመስላል። አንዱም ከሌለ ፎኖ ፕሪአምፕ ግዙ። ከርካሹ የሚጀምር ሁሉ ከምንም ይሻላል፤ ለገንዘቡ ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣ ሌላ ዕቃ አላውቅም።

«ሰ» እና «ሸ» ይቧጭራሉ

ዘፋኙ «ሰላም» ሲል ምላጭ የሚመስል ድምፅ ከመጣ መርፌውን ጠርጥሩ። መጀመሪያ ግን አጽዱት። ለስላሳ ብሩሽ፣ ከኋላ ወደ ፊት ብቻ። በጣት አይነካም። በበጋ አቧራ ጫፉ ላይ የጥጥ ኳስ የሚመስል ነገር ተሰብስቦ አገኛለሁ፤ ያ ሲነሳ ብቻ ድምፁ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው።

ካልተመለሰ ብዙ ያልተጫወተ ሸክላ አስቀምጡ። እሱም ከቧጨረ መርፌው አልቋል ወይም አቀማመጡ ተዛብቷል። ሠሪዎቹ እንደ መርፌው ቅርጽ ከ300 እስከ 1,000 ሰዓት ዕድሜ ይሰጡታል። የእናንተ ስንት ሰዓት እንደሠራ የማታውቁ ከሆነ፣ በተለይ ዕቃው አሮጌ ከሆነ፣ እንዳለቀ ቁጠሩት። ያለቀ መርፌ መጥፎ ድምፅ ማውጣት ብቻ አይደለም፤ ሸክላውን ያርሰዋል።

ጥሩው ሸክላ ላይ ንጹህ ከሆነና አሮጌዎቹ ላይ ብቻ ከቧጨረ ግን ጥፋቱ የቆየ ነው። በዘመኑ ቡና ቤት ውስጥ በከባድ ክንድና በደነዘዘ መርፌ ተጫውተዋል። ያ ጉዳት አይመለስም። ጫፉ የተለየ ቅርጽ ያለው መርፌ አንዳንዴ ያልተነካውን የመስመሩን ክፍል ያገኝና ይሻላል፤ ቃል ግን አልገባም። ሸክላው ሞኖ ከሆነ አምፑ ላይ ሞኖ የሚለውን ተጫኑ። የጫጫታው ጥሩ ክፍል በነፃ ይቀንሳል።

መርፌ ስታዙ የካርትሪጁን፣ ማለትም ክንዱ ጫፍ ላይ መርፌው የሚሰካበትን ትንሽ ዕቃ፣ ቁጥር ፎቶ አንሱ። «የሸክላ መርፌ ላክልኝ» ብሎ ቨርጂኒያ ላለ ዘመድ መጻፍ የማይገጥም ዕቃ ማስመጣት ነው። ክንዱ ካርትሪጅ መቀየር የሚፈቅድ ከሆነ ግን መርፌ ብቻ ከምትገዙ ሙሉ ካርትሪጅ መግዛቱን አስቡበት። እኔ አንድ ነገር ብቻ ቀይር ብባል የምቀይረው እሱን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሻንጣ የሚመስሉት፣ ስፒከራቸው አብሯቸው ያለ ርካሽ ማጫወቻዎች ብዙዎቹ ሴራሚክ ካርትሪጅ ነው ያላቸው። ሸክላውን አጥብቀው ይጫናሉ። እነሱን ለማሻሻል ገንዘብ አታውጡ፤ የአባታችሁን ሸክላም አታስነኳቸው።

መርፌው ይዘላል

ክንዱ ላይ የብር ሳንቲም የለጠፈ ሰው ካለ አሁኑኑ ያንሳው። መዝለሉን ያቆመለት ሸክላውን እየፋቀ ነው።

መጀመሪያ ሸክላውን ጥረጉ፣ ከዚያ ማጫወቻው ላይ ውሃ ልክ አስቀምጡና ጠረጴዛውን አስተካክሉ። ቀጥሎ ክብደቱን ለኩ። ካርትሪጁ የሚፈልገው ግራም መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ ለምሳሌ ኦርቶፎን 2ኤም ሬድ 1.8 ግራም፣ ኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95ኢ 2 ግራም ይላሉ። ከክንዱ ጀርባ ባለው ክብደት ነው የሚስተካከለው። የሚለካው ደግሞ ወርቅ ቤቶች በሚጠቀሙባት ዓይነት ትንሽ ሚዛን ነው። የሚዛኗ ሳህን ብረት ከሆነ የካርትሪጁ ማግኔት ይስበውና ውሸት ታነባላችሁ። መርፌው የሚያርፍበት የብረት ያልሆነ ነገር አድርጉ፣ ከፍታውም ሸክላው ከሚቀመጥበት አይራቅ። ሁሉን አድርጋችሁ አሁንም ከዘለለና የሚዘልበት ቦታ ሁሌ አንድ ከሆነ ሸክላው ተጭሯል።

እምምም ይላል፣ ወይ ያጓራል

የማያቋርጥ እምምም ካለ ከማጫወቻው የምትወጣውን ቀጭን ሽቦ ፈልጉ። አምፑ ወይም ፕሪአምፑ ላይ ግራውንድ ከሚለው ብሎን ጋር እሰሯት። አብዛኛው በዚህ ያልቃል። ካላለቀ ትራንስፎርመሩንና ስታቢላይዘሩን ከካርትሪጁ አርቁ።

ቮልዩም ሲጨምር የሚያጓራው ግን ሌላ ነው። ስፒከሩና ማጫወቻው አንድ ቡፌ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቤዙ በእንጨቱ አልፎ ወደ መርፌው ይመለሳል። ሞተሩን አጥፉ፣ መርፌውን በቆመ ሸክላ ላይ አሳርፉ፣ ቮልዩም ቀስ እያላችሁ ጨምሩና ቡፌውን በጣት መታ አድርጉ። ከበሮ ከተሰማ አለያዩአቸው። ማጫወቻውን ግድግዳ ላይ የተመታ ጠንካራ መደርደሪያ ላይ ማውጣት የጣውላ ወለል ላላቸው ቤቶች ትልቁ ማሻሻያ ነው። አናጢ እንጂ ዕቃ አስመጪ አይፈልግም።

አንዱ ስፒከር ዝም ብሏል

አምፑ ጀርባ ላይ ቀዩንና ነጩን ጃክ አቀያይሩ። ዝምታው ወደ ሌላኛው ስፒከር ከዞረ ችግሩ ከማጫወቻው በኩል ነው። የካርትሪጁን አራት ቀጫጭን ሽቦዎችና የክንዱን መገጣጠሚያ እዩ፤ የዛገውን በእርሳስ ላጲስ አሽት አሽት አድርጉ። ካልዞረ አምፑ ወይም ስፒከሩ ነው።

ሁሉም ደህና ነው፤ ግን የበለጠ እፈልጋለሁ

አሁን ነው የስፒከር ወሬ የሚመጣው። ፍጥነቱ 100፣ መርፌው አዲስ፣ ክብደቱ ልክ፣ ፕሪአምፑ በቦታው ከሆነ ስፒከር ቀይሩ፤ ልዩነቱን ትሰማላችሁ። ሞንታርቦ ግን ለድንኳን ነው፣ ለሳሎን አይደለም። ማጫወቻውን ራሱን የምትቀይሩት ፍጥነቱ አልስተካከል ካለ፣ ክንዱ መዞሪያው ላይ ከላላ፣ ወይም ካርትሪጅ መቀየር ካልፈቀደ ነው። ከውጭ ስታስመጡ «220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ» ብላችሁ ጻፉ። ሁለቱንም።

ዕቃው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ የዓባይ በረሃን ያቋርጣል። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል፣ ከዚያ ወደ ደጀን ሽቅብ፣ ጠመዝማዛ ነው። የኋላውን ክብደት ፍቱ፣ ሳህኑን አውጥታችሁ ለብቻው ጠቅልሉ፣ ክንዱን እሰሩ፣ የመርፌውን ክዳን አትርሱ። ሸክላዎቹን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሟቸው፤ መስኮት ሥር ፀሐይ ላይ ከተኙ እዚያው በረሃው ውስጥ ይጎብጣሉ። ቤት ስትደርሱ ከማጫወታችሁ በፊት ሚዛኑን እንደገና ለኩ፤ የፈታችሁት ክብደት በዓይን ግምት ወደ ቦታው አይመለስም።