የሳምንቱን ቁሌት እሁድ ሠርቶ ማስቀመጥ፦ የሥራ ቀን ወጥ በግማሽ ሰዓት እንዴት ይደርሳል?

ማታ ከሥራ ተመልሶ ልጆች ሳይተኙ ራት ለማቅረብ ለሚጣደፍ ወላጅ ጊዜውን የሚበላው ምስሩ ወይም ሽሮው ሳይሆን ሽንኩርቱ ነው። የቀይ ምስር ክክ በ20 ደቂቃ አካባቢ ይበስላል፤ ሽንኩርቱን ልጦ፣ ከትፎና አቁላልቶ ለወጥ ማብቃት ግን ብቻውን አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። በዚህም ምክንያት ሥራው በችኮላ ይሠራና ወጡ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል፤ አለዚያም ራት ከውጭ ይገዛል። ቁሌቱን እሁድ በብዛት ሠርቶ ማስቀመጥ ከሁለቱም ያድናል።

አራት ወይም አምስት ሰው ላለው ቤተሰብ 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ ተኩል ዘይት፣ ሦስት ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብልና ጨው ይበቃል። ሽንኩርት በተወደደ ጊዜ ሩቡን በተፈቀፈቀ ካሮት መተካት ይቻላል፤ ትንሽ ጣፈጥ ስለሚል ልጆች አይጠሉትም። ቅቤ አሁን አይገባም። በዘይት ብቻ የተሠራ ቁሌት ረቡዕና ዓርብም ያገለግላል፤ ቅቤው በፍስክ ቀን ወጡ ሊወጣ ሲል ቢጨመር መዓዛውም የተሻለ ነው።

ሽንኩርቱን በቢላ አድቅቆ መክተፍ ወይም በመፈቅፈቂያ መፈቅፈቅ ይገባል። በጁስ መፍጫ መፍጨት ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ነገር ግን የተፈጨው ሽንኩርት ውኃ ሆኖ እየተንጣጣ እጅ ያቃጥላል፣ ውኃው እስኪመጥ ድረስም የተቆጠበውን ጊዜ መልሶ ይወስዳል። ነጭ ሽንኩርቱን መላጥና ምስሩን መልቀም ለልጆች ቢተው ሥራው ይቀላል።

ትዕግሥት የሚጠይቀው ማቁላላቱ ነው። ከሥሩ ወፈር ያለ ሰፊ ድስት መካከለኛ እሳት ላይ ይጣድና ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ከጥቂት ጨው ጋር ይገባል። ሽንኩርት አብዛኛው ክብደቱ ውኃ ስለሆነ መጀመሪያ በራሱ ውኃ ይበስላል፤ ጨውም ውኃውን ቶሎ እንዲለቅ ያደርገዋል። ዘይቱ ከመጀመሪያው ከገባ ግን ሽንኩርቱ ሳይሟሽሽ ዳር ዳሩ ይጠበስና ወጡ ውስጥ እየተንሳፈፈ ይቀራል። ውኃው መጦ ከድስቱ ሥር መያዝ ሲጀምር እሳቱን ቀንሶ ሙቅ ውኃ ጠብ እያደረጉ የያዘውን በእንጨት ማማሰያ መፋቅ ያስፈልጋል፤ ቡናማው ቅሪት ጣዕም የሚሰጥ ስለሆነ ወደ ቁሌቱ መመለስ አለበት። ቀዝቃዛ ውኃ ግን ብስለቱን ያቋርጠዋል። ይህ ሂደት ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይወስዳል። መድረሱ የሚታወቀው ጥሬው ሽታ ጠፍቶ ሽንኩርቱ በማማሰያው ሲጫኑት የሚፈርስ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ ዘይቱ ይጨመርና ተጨማሪ 10 ደቂቃ ይቁላላል፤ በመጨረሻም የተወቀጠው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ገብቶ መዓዛው እስኪወጣ ይማሰላል።

በርበሬ ከመግባቱ በፊት ግማሹ ቁሌት ለአልጫና ለልጆች ምግብ ተቀንሶ ይውጣ፤ አንዴ ከተቀላቀለ የሚመለስበት መንገድ የለም። በቀረው ላይ በመጀመሪያ ጥቂት ሙቅ ውኃ፣ ቀጥሎ በርበሬው ይጨመርና በዝግታ 15 ደቂቃ ያህል ይብሰል። በደረቅ ዘይት ላይ የተጨመረ በርበሬ ወዲያው ያራል፤ ያረረውን ደግሞ ቲማቲምም ስኳርም አያድነውም።

ሁለቱም ቁሌት በሰፊ ሣህን ተዘርግቶ ይቀዝቅዝና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ለየዕለቱ በሚበቃ መጠን ወደ ፍሪጅ ይግባ። የሦስት ቀን የሚሆነው ከታች ይቀመጣል፤ የኀሙስና የዓርቡ ፍሪዘር ውስጥ ይገባል። መብራት እየጠፋ በሚያስቸግርበት ሰፈር ግን የሁለት ቀን ብቻ መሥራት ይሻላል። በርበሬ ፕላስቲክ ዕቃን ስለሚያቀላና ሽታው ስለማይለቅ እኔ የማር ወይም የማርማላታ ባዶ ጠርሙስ እመርጣለሁ፤ ወጪ የለውም።

ከዚህ በኋላ የሥራ ቀኑ ቀላል ነው። ሰኞ ምስሩ ተቀቅሎ በቀዩ ቁሌት ላይ ይገለበጣል። ማክሰኞ ድንችና ካሮት በትንንሹ ተከትፎ ከነጩ ቁሌትና ከጥቂት እርድ ጋር አልጫ ይሆናል። ረቡዕ ሽሮ ነው፤ ዱቄቱን አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውኃ መበጥበጥ እንዳይጓጉል ያደርገዋል። ኀሙስ ነጩ ቁሌት ከተፈቀፈቀ ቲማቲም ጋር ለልጆቹ የፓስታ ሱጎ ይሆናል።

ለዓርብ ምሳ ዕቃ ከሳምንቱ የተረፈው እንጀራ ፍርፍር ይሁን። ልጆቹ እንጀራውን ሲቆራርሱ ቁሌቱ በጥቂት ውኃ ይፈላና እንጀራው ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ይገባል። መረቁ ጠዋት ትንሽ ያነሰ መስሎ ቢታይም ውኃ መጨመር አያስፈልግም፤ እስከ ምሳ ሰዓት እንጀራው ራሱ ስለሚርስ፣ ከቤት ረጥቦ የወጣ ፍርፍር ትምህርት ቤት ምሳ ዕቃው ሲከፈት ገንፎ ሆኖ ይገኛል።