ዋጋው ደርሶ ትእዛዛችሁ ለምን አይፈጸምም? ሊሚት ኦርደር በዲለር ገበያ እንዴት ይገባል

አዳማ ገበያ የሽንኩርት ነጋዴ ፊት ቆማችኋል እንበል። ነጋዴው ከገበሬው ኪሎውን በ40 ብር ይረከባል፣ ለእናንተ በ46 ይሸጣል። እናንተ «በ40 ከሆነ እወስዳለሁ» ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ገበሬው ይመጣል፣ በ40 ይሸጣል፣ ይሄዳል። ዋጋችሁ መጣ፤ ዘንቢላችሁ ግን ባዶ ነው። ገበሬው የተገናኘው ከነጋዴው ጋር እንጂ ከእናንተ ጋር አይደለም።

ዲለር፣ ማለትም ለራሱ ገዝቶ የሚሸጥ ነጋዴ፣ ባለበት የአክሲዮን ገበያም እንዲሁ ነው። ይህን ያወቅኩት ከከሰርኩ በኋላ ነው። ውጭ ሀገር ስሠራ በከፈትኩት አካውንት፣ አዳማ ከተመለስኩ በኋላ፣ ብዙም የማይገበያይ የአንድ ትንሽ የአሜሪካ ኩባንያ አክሲዮን ፈለግኩ። 300 አክሲዮን በ2 ዶላር ብዬ አዘዝኩ። ሊሚት ኦርደር ማለት ይህ ነው፦ «ከዚህ ዋጋ በላይ አልገዛም» የሚል ትእዛዝ። ስክሪኑ ላይ 2.00 ተሸጠ፣ አሁንም 2.00 ተሸጠ ይላል። የእኔ ንቅንቅ አላለም። በንዴት ሰርዤ «በተገኘው ዋጋ ግዛ» አልኩ፤ ይህ ማርኬት ኦርደር ይባላል። በ2.14 ገዛልኝ። 42 ዶላር በደቂቃ ሄደ። እንዲህ ባለ አክሲዮን ላይ ማርኬት ኦርደር በፍጹም አትጠቀሙ።

1. ከማን እንደምትገዙ ጠይቁ። ብሮከር ደላላ ነው፣ ገዥና ሻጭ ያገናኛል። ዲለር ግን ከራሱ ኪስ ገዝቶ ለራሱ አትርፎ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። የእኛም የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯልና፣ አካውንት ስትከፍቱ «ትእዛዜ የሚገናኘው ከሌላ ደንበኛ ትእዛዝ ጋር ነው ወይስ ከእናንተው እጅ ነው የምገዛው?» ማለትን ልመዱ።

2. ትክክለኛውን ዋጋ ተመልከቱ። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ሁለት ዋጋ አለ። ቢድ ዲለሩ የሚገዛበት፣ አስክ ዲለሩ የሚሸጥበት ነው። በእኔ ቀን ቢድ 2.00፣ አስክ 2.08 ነበር። እኔ የማየው የመጨረሻውን ግብይት ነው፤ ያ ግብይት ደግሞ ሌላ ሰው ለዲለሩ የሸጠበት ነው። የምትገዙ ከሆነ አስክ ወደ ዋጋችሁ መውረድ አለበት። የምትሸጡ ከሆነ ቢድ ወደ ዋጋችሁ መውጣት አለበት። ቻርት ብቻ እያያችሁ አትዘዙ። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ሜታትሬደር የተባለው የግብይት መተግበሪያ ራሱ ቻርቱን የሚስለው በቢድ ነው፤ የአስክ መስመሩን ከሴቲንግ ውስጥ ራሳችሁ አብሩት።

«ታዲያ ሕግ የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። አለ። ናስዳክ በተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ላይ ዲለር የደንበኛውን ትእዛዝ ይዞ በዚያው ዋጋ ለራሱ መግዛት ይችል ነበር። በፈረንጆቹ 1994 ይህ ለራሱ ደንበኞች ተከለከለ፣ በ1995 ከሌላ ድርጅት ለሚላክለት ትእዛዝም ተከለከለ። ከ1997 ጀምሮ ደግሞ ከዲለሩ ዋጋ የተሻለ የደንበኛ ትእዛዝ ለሁሉም እንዲታይ ግዴታ ሆነ። ግን ልብ በሉ፣ ከራሱ በፊት እናንተን እንዲያስቀድም የሚገደደው ትእዛዛችሁን የያዘው ዲለር ነው። ጎረቤቱ ያለው ሌላ ዲለር በዚያው ዋጋ ቢገዛ ጥፋት የለበትም።

3. ዋጋችሁን በሁለቱ መሃል አድርጉ። በ2.00 ፈንታ 2.04 ብል ኖሮ ከዲለሮቹ የተሻለ ገዥ እሆን ነበር። አራት ሳንቲም ለመቆጠብ ሳምንት መጠበቅ ለእኔ አያዋጣም። እንዲህ ባለ ርካሽ አክሲዮን ላይ ከ100 አክሲዮን በታች የሆነ ትእዛዝን ደግሞ የማሳየት ግዴታው አይመለከተውም፤ ከቻላችሁ 100፣ 200፣ 300 እያላችሁ በመቶ ቤት እዘዙ። «ሁሉም ካልተገኘ ይቅር» የሚለውንም ምርጫ አትንኩት፣ የመፈጸም ዕድላችሁን ያጠበዋል።

4. ጊዜውን ምረጡ። የቀን ትእዛዝ ገበያው ሲዘጋ ይሰረዛል። የኒውዮርክ ገበያ በእኛ ሰዓት ማታ 5 ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ በእነሱ ክረምት 6 ሰዓት።

5. አስክ ከዋጋችሁ በታች ወርዶም ካልተፈጸመ ዝም አትበሉ። ሰዓቱና ሁለቱም ዋጋ የሚታይበት ስክሪንሾት አንሱ፣ የትእዛዝ ቁጥሩን ጨምሩና ለብሮከሩ በጽሑፍ ላኩ፦ «በዚህ ደቂቃ ትእዛዜ የት ነበር? ማን ይዞት ነበር?»